አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት መጥፋት ብዙ ደብዳቤ ታወጣላችሁ። እኔ ዛሬ ስለ አይጥ ልጽፍላችሁ ነው። አትሳቁ። ገጠር ቤት ያለው ሰው አይስቅም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ግን መንዝ ናት፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ቤቷ የአገሩ ቤት ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ሣር ክዳን። ለመንዝ ብርድ እንዲህ ያለ ቤት የለም። ለአይጥም እንዲህ ያለ ቤት የለም። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ጭቃ ሲረግፍ ለእያንዳንዱ አይጥ አንዳንድ ክፍል ይደርሰዋል፣ ጣሪያው ደግሞ ፎቁ ነው። በተለይ አዝመራ ተሰብስቦ እርሻው ባዶ ሲሆን ሜዳ የነበረው ሁሉ ተጠራርቶ ወደ ቤት ይገባል።

ለጥምቀት ስሄድ ገና ከበር ሳልገባ እማዬ "ድመቷ ሞተች" አለችኝ። ሁለት ዶሮዎችም አልቀዋል። ጉዳዩን ሳጣራ፣ ገበያ ላይ እየዞረ ከሚሸጥ ሰው የአይጥ መርዝ ገዝታ ኖሯል። የፌስታል ቁራጭ ውስጥ የተቋጠረ ጠቆር ያለ ዱቄት ነው። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ቀን የለው። ሰውዬው የነገራት "በዱቄት ለውሰሽ ጥግ ላይ አድርጊው" ብቻ ነው። ከልጅ አርቂው እንኳን አላላትም። የቀረውን አውጥታ አሳየችኝ፤ የት እንዳስቀመጠችው ታውቃላችሁ? በርበሬው ካለበት መደርደሪያ ላይ! ቋጠሮውን ስፈታው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

ያ ሽታ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝ ነው። ሆድ ውስጥ ገብቶ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ማርከሻ የለውም፤ አይጥ የበላውም፣ ዶሮ የለቀመችውም፣ አያድርስና ሕፃን የነካውም ቢሆን። ዶሮዎቹ የተበተነውን ሊጥ ለቀሙ፣ ድመቷ የሚንገዳገደውን አይጥ ከነሆዱ በላች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

የሚገርመው አይጦቹ አለማለቃቸው ነው። ጥቂት ቀምሶ ታሞ የዳነ አይጥ ያንን ምግብ ሁለተኛ አይነካውም። የተረፉት ደግሞ ይራባሉ። አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፣ ግልገሎቿም በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ እማዬ መርዙን ካደረገች ብዙም ሳይቆይ ጓዳው እንደ ድሮው ሆነ። ልዩነቱ አሁን ድመት የለም።

ፈቃድ አራዝሜ አራት ቀን ቆየሁ። ጎተራው አራት ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ቁመታቸው ከስንዝር አያልፍም። አይጥ ዘልላ ሳይሆን ተራምዳ ነው የምትገባው። ከጎረቤታችን ሽማግሌ ጋር ሆነን ጎተራውን አንድ ሜትር የሚሆን እግር ላይ አወጣነው፣ ከግድግዳውም ከዛፉም አራቅነው። ከዚያ ከእሳቸው ጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ ቆራርጠን በየእግሩ ላይ እንደ አክንባሎ ደፋንበት፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ። እማዬ ምን እንደምንሠራ አልገባትም ነበር። የዚያን ቀን ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ቆርቆሮው ላይ ጥፍር ሲፍቅ ሰማን፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ከዚያ ዱብ! ትንሽ ቆይቶ እንደገና ፍቅ፣ ፍቅ፣ ዱብ። እማዬ ሲኒዋን አስቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች። ድመቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ለውስጡ ደግሞ ባልዲ አደረግን። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ግራና ቀኝ ቀዳድቶ ሽቦ ማሳለፍ፣ ሽቦውን ባልዲው አፍ ላይ ማጋደም፣ ጣሳውን ቅቤ መቀባት፣ ወደ ባልዲው አፍ የምታወጣ እንጨት ማስደገፍ፣ ውሃ እስከ ግማሽ መሙላት። አይጧ ቅቤውን ብላ ጣሳው ላይ ስትወጣ ይሽከረከርና ትወድቃለች። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ትልልቁ አይጥ ተጠራጣሪ ነው፣ አዲስ ዕቃ አያምንም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ውሃ ሳታደርጉ ጣሳውን እንዳይዞር አስራችሁ ቅቤውን ብቻ አብሏቸው፣ ይልመዱት። እኔ ቸኩዬ በመጀመሪያው ቀን ውሃ አድርጌ ጠዋት ስነሳ ባልዲው ውስጥ አንድም አይጥ አልነበረም። የግድግዳውን ቀዳዳም ጠጠር እየጎሰጎስን በጭድ ጭቃ ደፈንነው፤ ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ስለምታልፍ ሥራው ያስመርራል። ቤቱን ተደግፎ የነበረውን የኩበት ክምርም አራቅነው፣ ሥሩ ሁለት ጎጆ ሙሉ ግልገል ተገኘ።

ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ገደማ ይበላል። በዓመት 9 ኪሎ ነው። ሃያ አይጥ ያለበት ቤት፣ መንዝ ውስጥ ሃያ ብዙ አይደለም፣ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው። በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸውን አልቆጠርኩም።

አቤቱታዬ ግን ወዲህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ አይቻልም። ገበያ ላይ ግን በፌስታል ተቋጥሮ ከቅመም አጠገብ ይሸጣል፣ የሚጠይቅም የለም። ቁጥጥሩ የማን ነው? ለሰብል አረም መድኃኒት በስንት ማስጠንቀቂያ የሚታደል ከሆነ፣ ሕፃን በሚድህበት ቤት የሚቀመጠው መርዝ ለምን ምልክት እንኳ አይለጠፍበትም? የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስለ መስመር መዝራት ሊያስተምር ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ስለ ጎተራ እግር ቢናገርስ ምን ይጎድልበታል? ቆርቆሮ እኮ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ቴክኖሎጂ አይደለም።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። በነፃ የሚሠሩልንን አይጥ አዳኞች እኛው ነን የምንገድላቸው። ጉጉት ቤት ላይ ስትጮህ ሟርተኛ ናት ብለን በድንጋይ እናባርራታለን፤ ሌሊቱን የምታድነው ግን አይጥ ነው። ከእኛ ሰፈር ማዶ ጓሳ በሚባለው የሣር ምድር ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም ኑሮው በአይጥ ነው። አባቶቻችን ሣሩን በደንብ አስጠብቀው ያቆዩት እዚያው መንዝ ውስጥ ነው፣ እኛ ደግሞ መርዝ በየሜዳው እንበትናለን።

እማዬ አሁን ከጎረቤት አንድ የድመት ግልገል ወስዳለች። ትናንት ስደውልላት "እንዴት ናት?" ብላት፣ "አይጥ ስታይ ጉልቻ ሥር ነው የምትደበቀው" አለችኝ። እስክታድግ በባልዲው እየተረዳን ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን