የአንዱ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ለሌላውም ይከፈት

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ናት።

መመረቂያዋን የምትሠራው በቡና ገበሬዎች ማኅበራት ላይ ነበር። በዚሁ ጉዳይ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ቲሲስ እንዳለ ደረሰችበት። ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው፣ የለም። ስልክ ደወለች፤ «መጥተሽ እዚሁ አንብቢ» አሏት። የትብብር ደብዳቤ አጻፍንላትና አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጓዘች።

ላይብረሪው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዋን አየና «የኛ ተማሪ አይደለሽም» ብሎ መለሳት። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ጥራዙ ተገኘ። የኋላ ሽፋኑ ላይ ሲዲ ተለጥፎበታል፤ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ግን የለም። ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው፣ በስልክ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ሁለት ቀን ቁጭ ብላ በእጇ ገለበጠችው። ደብተሯን አሳይታኛለች። ሠንጠረዦቹን ሳይቀር በማስመሪያ አስምራ ነው የጻፈቻቸው። እኔ ያንን ደብተር ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ምንም አልተሠራም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ሥር የጥናት ጽሑፎች የሚቀመጡበት ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ ተሠርቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በድረ ገጹ መልቀቅ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ ከጭንቅ አውጥቷቸዋል። የቤተ መጻሕፍት ጥምረትም አለን። ቤቱ ተሠርቷል፤ የቀረው ዕቃውን ማስገባት ነው።

እንዴት ይግባ? አንድ ቀላል መንገድ አለ። ተማሪ ሲመረቅ ክሊራንስ ያዞራል። ላይብረሪው ካልፈረመለት ዲግሪውን አይወስድም። እዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሶፍት ኮፒው ብሔራዊ ማከማቻው ውስጥ ሳይገባ ፊርማ የለም በሉ። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። በየላይብረሪው ግን ይህን የሚሠራ ሰው በስም መመደብ አለበት፤ «ሁሉም ያግዛል» የተባለ ሥራ ማንም አይሠራውም።

«ከተከፈተ ተማሪው ይገለብጣል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። አሁን ከሌላ ክልል የተገለበጠ ቲሲስ ቢመጣልኝ በምን አውቃለሁ? ዋናው ተቆልፎበት አቧራ ለብሷል። ገልባጩን የሚያጋልጠው ክፍት መሆኑ ነው።

ደግሞ ጦርነቱን አስቡት። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። አንድ ጥራዝ ብቻ የነበረው ጥናት ከጠፋ ጠፋ ነው። ሌላ ቦታ ዲጂታል ቅጂ ያለው ግን ይተርፋል።

ሁለተኛው ልመናዬ የጋራ ካታሎግ ነው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ በአንድ ፍለጋ የሚያሳየን ቦታ ግን ሊኖረን ይገባል። ኮሃ የሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ነው፤ ጥቂት የማይባሉ ላይብረሪዎቻችንም ያውቁታል። ከሌሎች ካታሎጎች ጋር መዝገብ መለዋወጥ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ካታሎጉ ከተገናኘ በኋላ የአንዱ ተማሪ መታወቂያ በሌላው ላይብረሪ በር ቢያስገባ ምን ይጎዳል? መጽሐፍ መዋሱ ቢቀር ለንባብ እንኳ።

የጆርናሉን ነገር ባጭሩ ልበል። ሂናሪን የመሰሉ፣ የምርምር ጆርናሎችን በኢንተርኔት የሚያስነብቡ የሪሰርች ፎር ላይፍ አገልግሎቶች ለአገራችን ተቋማት በነጻ ክፍት ናቸው። ፓስዋርዱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ባለሙያ እጅ ነው፤ እሱ ፈቃድ ከወጣ አለቀ። በክፍያ የሚገኙትን ደግሞ የኬንያ ላይብረሪዎች ክሊስክ በሚባለው ጥምረታቸው ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ይገዛሉ። የኛም ጥምረት በጀት ይኑረው። ተማሪም ከግቢ ውጭ፣ መረጃ ሊሰበስብ ገጠር ወርዶ እያለ፣ ከስልኩ የሚገባበት አካውንት ይሰጠው።

ያቺ ተማሪዬ ተመርቃለች። የሷም ቲሲስ ተጠርዞ፣ የኋላ ሽፋኑ ላይ ሲዲ ተለጥፎበት መደርደሪያ ገብቷል። ሶፍት ኮፒው እኔ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ እሷም ይከፈትልኝ ብላ ፈቅዳለች። የሚረከበኝ ሰው መድቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር