ለጤና ሚኒስቴር፦ ስለ ሕፃናት አተኛኘት ለአያቶችም ንገሩልን

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የአምስት ወር ልጅ እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከገጠር መጣች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ልጁን ማጠቡ ሁሉ በእሷ እጅ ነበር። ልጁ እንዴት እንደሚተኛ የምትወስነውም እሷው ናት።

በሆዱ ታስተኛዋለች። «በጀርባው ከተኛ ያቀረሸው ወተት ያንቀዋል» ትላለች። እሷ ስድስት ልጅ አሳድጋለች፣ ለእኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ማን ይከራከራታል? ከወለድኩበት ስወጣ ስለ ጡት፣ ስለ እትብትና ስለ ክትባት በደንብ ተነግሮኛል። ስለ እንቅልፉ ግን አንድም ሰው አላነሳብኝም። ቢነገረኝ ኖሮ «ሐኪም ብሏል» የምልበት አፍ አገኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዳችን ነርስ ጎረቤቴ ናት። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል። ያቀረሸው ወደ ሳንባው እንዲገባ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ነው የሚገለበጠው። እናቴ ይህን ስትሰማ ወዲያው ገባት። ለካ እስከዛሬ ምክንያቱን የነገራት ሰው አልነበረም።

ከሰሉን ደግሞ አልነገርኳችሁም። አራስ ቤት ብርድ አይግባ ተብሎ በርና መስኮቱ ተዘግቷል። እናቴ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ፍም ሲሆን አስገባችው። ጭሱ ካለቀ ምን ያደርጋል ብላ ነው። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነቃሁ። በሩን ከፈትነው። ልጁ ደህና ነበር፣ ተመስገን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ከከሰል የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል።

ኢንተርኔት ላይ የማየው ምክር ሁሉ «የሕፃን አልጋ ግዙ» ነው። ልክ ነው፣ እናቱ ባለችበት ክፍል፣ ለብቻው ጠንካራና ዝርግ ነገር ላይ ቢተኛ ይመረጣል። የእኛ ቤት ግን ሁለተኛ አልጋ አያስገባም። እባካችሁ ስላለን አልጋ ንገሩን። እንዳይወድቅ ብለን ግድግዳ ጥግ እናስተኛዋለን፤ በፍራሹና በግድግዳው መሃል ተቀርቅሮ ሊታፈን እንደሚችል ግን አናስብም። ዓይን እንዳይበላው ፊቱን በነጠላ እንሸፍናለን። ብርድ ልብሱን ለእኛም ለእሱም አንድ ላይ እንደርባለን፤ ትራስም እናደርግለታለን። አያት ሶፋ ላይ አቅፋው ታሸልባለች፤ ሶፋ ደግሞ ከአልጋም የባሰ ነው። የክርስትናውን ዕለትማ ተዉት። ጠላና አረቄ ሲቀምስ የዋለ አባት ያን ሌሊት ከልጁ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት እንደሌለበት ማን ነግሮት ያውቃል?

መናገር ይሠራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ የመከረው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። በአሥር ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት፣ ማለትም ደህና የነበረ ሕፃን ተኝቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሞተው፣ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

እዚህም የሚነገርበት ቦታ አለ። ይህ ሞት የሚበዛው ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ ነው። ክትባቱ ደግሞ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ወረፋው ላይ ተቀምጠን እንውላለን፣ ልጅ ካቀፉት ብዙዎቹም አያቶች ናቸው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ገጠር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ ስለምትገባ መደቡንም ከሰሉንም በዓይኗ ታያለች። ለአራሷ ብቻ ነግራ እንዳትወጣ፤ አያትየዋን ትጥራት።

ፖስተር የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ የፈረንጅ አልጋ አታስሉበት። መደብ ይሳል። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ፊቱ ይገለጥ። የከሰል ምድጃው ደጅ ይሁን። አያትየዋም አጠገቡ ትቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ አዲስ አበባ