ያቺን ሥዕል እንዳትነኪያት

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ሥዕሎችሽን ስታቃጥዪ የተቀረጽሽበትን ቪዲዮ እህትሽ ትናንት አሳየችኝ። 12 ሸራ! ጋዝ አርከፍክፈሽ፣ ያውም ነጠላ ለብሰሽ! ሁለተኛ በጋዝ እንዳታቀጣጥዪ።

ማቃጠሉም ፈጠራ ነው አልሽ አሉ። እሺ፣ አልከራከርሽም፤ የራስሽ ሥራ ነው። አባትሽ የቀለሙን ዋጋ ቆጥሮ ገና አልጨረሰም። እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የማቃጥለው ያልሽው ነው። የአጎትሽን ሥዕል እንዳትነኪ።

ስለ አሜሪካዊው ሠዓሊ ስለ ራውሸንበርግ ያጫወትሽኝ አንቺው ነሽ። በፈረንጆቹ 1953 ታዋቂው ሠዓሊ ዴ ኩኒንግ ጋ ሄዶ፣ ሥዕልህን ስጠኝና ልደምስሰው ብሎ ለመነው። ሰውየው ነገሩን ባይወደውም፣ ብትጠፋ የምትቆጨውን፣ በላጲስም ቶሎ የማትለቀውን መርጦ ሰጠው። እኔ እንደሚገባኝ ጥበቡ ላጲሱ ላይ አይደለም። አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ሰጠ፣ እዚያ ላይ ነው። አጎትሽን ማን ይጠይቀዋል?

ደግሞ ያ የካሊፎርኒያው ሠዓሊ ባልደሳሪ፣ በ1970 የ13 ዓመት ድካሙን፣ ሥዕሎቹን አስከሬን ማቃጠያ ቤት ወስዶ አቃጠለና ከአመዱ ብስኩት ጋገረ ብለሽ ስትስቂ፣ እኔ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ቡና ልታይ የሄደች መስሎሽ ነበር።

የእኛም 1970 ነበር፣ በራሳችን አቆጣጠር። አሰሳ ሊመጣ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ሲያቃጥል፣ ሲቀብር፣ ሽንት ቤት ሲጥል ሰነበተ። የወንድሜ ሥዕል ምን ፖለቲካ አለው? የሰፈር ሰው ፊት፣ በግ፣ ጀበና። ግን ከፊቶቹ መሀል የሚፈለግ ሰው ቢኖርስ ብለን ፈራን። እናቴ ምጣድ ጣደች፤ እኔ የ11 ዓመት ልጅ፣ ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ማገድኳቸው። ማታ ወንድሜ መጣ። እንጀራው ዛሬ ደህና ወጥቷል አለና በላ። እናቴም እኔም ትንፍሽ አላልንም። በሦስተኛው ቀን ከቤት ወጣ፣ ይኸው እስከዛሬ። ይቆጣኝ ነበር፣ ይስቅ ነበር፣ እንጃ። ሳልነግረው ቀረሁ።

እናቴ ምስር ስትለቅም የሣላት ያቺ አንዷ የተረፈችው ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፋ ስለነበር ነው። አንቺ ጋ ያለችው እሷ ናት። እንዳትነኪያት ብያለሁ።

አልተቆጣሁሽም፣ የኔ ልጅ። ቪዲዮው ላይ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ምን ሆነሽ ነው? እሑድ ደውዪልኝ፣ አባትሽ በሌለበት።

በርበሬና ሽሮ ልኬልሻለሁ፣ ከመናኸሪያ ተቀበዪ። ሽሮውን ለጓደኞችሽ በትነሽ እንዳትጨርሺ። ዕቃውን ላመጣው ልጅ ሥዕሏን ስጪው፤ እንዳትታጠፍ ሁለት ካርቶን መሀል አድርጊያት፣ ላስቲክ አታልብሻት፣ ያልባታል። ለበዓል ስትመጪ ያን ምጣድ አሳይሻለሁ። ተሰንጥቋል፣ ግን አልጣልኩትም።

እናትሽ