ለሚጽፉትም አንድ ጠረጴዛ ይሰጣቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በቅርቡ በአዲስ አበባ በተካሄደ አንድ የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የአኒሜሽን ፊልም፣ አድናቂዎች ዝግጅት ላይ ከስድስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ተገኝቼ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ከዚያ ቀን የተረፈኝ አንድ ቅሬታና አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ጉዳዩን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ገጹን የሚገልጥ አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። እኔ ራሴ ከአራት ዓመት በፊት፣ በክፍለ ጊዜዬ ከአንዲት ተማሪ የቀማሁትን ደብተር ቤት ወስጄ እስካነብ ድረስ፣ አኒሜ ሲባል ሕፃናትን ዝም የሚያሰኝ ካርቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ውስጥ ያገኘሁት ግን 60 ገጽ ያህል የሞላ የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከጃፓን ፊልም የተወሰዱ ቢሆኑም ታሪኩ ፊልሙ ካቆመበት ተነሥቶ የሚቀጥል የልጅቷ የራሷ ፈጠራ ነበር። የፊደል ግድፈቱን በቀይ አርሜ መለስኩላት፤ በሳምንቱ ቀጣዩን ምዕራፍ ይዛልኝ መጣች።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ፋን ፊክሽን ይባላል፤ ልጆቹ አሳጥረው «ፋንፊክ» ይሉታል። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃና ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም፣ ዛሬም አዲስ ቀልድ የፈጠረ ሰው «አለቃ ገብረ ሃና አንድ ቀን» ብሎ ይጀምርና ያላሉትን ያስብላቸዋል፣ ያልዋሉበት ያውላቸዋል፤ ሰሚውም ጠባያቸውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ «ይህስ የእሳቸው አይመስልም» እያለ ይፈርዳል። ፋንፊክ ጸሐፊም ከአንባቢው የሚጠብቀው ፍርድ ይኸው ነው።

ዛሬ ሰባት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተገናኘን የጻፍነውን እናነባለን። «ሰባት» ስል ራሴን ቆጥሬ ነው፤ እስካሁን ሦስት አጫጭር ታሪኮች ጽፌያለሁ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን አላወራውም። በእነዚህ ቅዳሜዎች ያየሁት የቋንቋ ክርክር በክፍል ውስጥ ለማስነሣት ዓመታት የለፋሁበት ነው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛችን አክብሮትን በንግግሩ ውስጥ የሚሸከም ቋንቋ ነው፤ ታናሽ ለታላቁ፣ ተማሪ ለመምህሩ ሲናገር የሚጠቀምበት የግስ መልክ ይለያል፣ በስም ላይ የሚቀጠሉ «ሳን»፣ «ሳማ» እና «ኩን» የሚባሉ የማክበሪያና የማቅረቢያ ቅጥያዎችም አሉት። ልጆቹ ፊልሙን የሚከታተሉት በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ስለሆነና እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ «ዩ» ስለሚያልፈው፣ በአማርኛ ለመጻፍ ሲቀመጡ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ ይባል ወይስ እርስዎ?» የሚለው ነው። ከመካከላቸው አንዷ በጻፈችው ታሪክ ሰይፈኛዋ ልጅ መምህሯን ለ40 ገጽ ያህል በአንቱታ ስታናግረው ቆይታ፣ ወንድሟን አሳልፎ የሰጠው እሱ መሆኑን ባወቀች ዕለት «አንተ» ትለዋለች። ጸሐፊዋ ከዚያ በኋላ አንዲት የማብራሪያ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

«ሴንሴይ» የሚለውን የመምህር መጠሪያ «የኔታ» እንበለው ያሉ ነበሩ፤ በልጅነቷ ቁርኣን የቀራችው ጓደኛቸው ደግሞ የእሷ መምህር ኡስታዝ እንጂ የኔታ እንዳልነበሩ አስታወሰቻቸው። እስከ ዛሬ አልተስማሙም፣ ባሳተሟት መጽሔት ውስጥም ሁለቱም አሉ። «ሴንፓይ»ን፣ ማለትም በትምህርት ቤት ቀዳሚ የሆነውን ተማሪ፣ «ጋሼ» ብሎ የተረጎመው ልጅ ግን ተሳቀበት፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ጋሼ ሲባል የሱቅ ባለቤት ይመስላል ተባለ። አንዱ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሲሆን፣ እሱ ሲያነብ እንደ ጀማሪ ተማሪ ትርጉም የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ወደ አዲስ አበባ የሄድነው በዋዜማው ዐርብ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከጅማ መናኸሪያ ተነሥተን ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ የፍተሻ ቦታ ላይ ከሻንጣ የወጣው የካርቶን ሰይፍ ትንሽ አስቆመን፤ ፈታሹ ካርቶን መሆኑን ጎንበስ አድርጎ ካረጋገጠ በኋላ በራሱ ስልክ ከሰይፉ ጋር ፎቶ ተነሥቶ አሰናበተን።

ስለ አዘጋጆቹ ክፉ ለመናገር አልመጣሁም። ወጣቶች ናቸው፣ በራሳቸው ጊዜና ገንዘብ ይህን ያህል ሕዝብ መሰብሰባቸው ያስመሰግናቸዋል። የኮስፕሌይ፣ ማለትም የፊልም ገጸ ባሕርያትን መስሎ የመልበስ፣ ውድድሩ ያማረ ነበር፤ ልብሱን በእጃቸው ሰፍተው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። የሥዕልና የጌጣጌጥ ሻጮች፣ የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች፣ ምግብና መጠጥ አቅራቢዎች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። የሚጽፍ ሰው ግን በፕሮግራሙ ላይ አንድ ደቂቃ፣ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ክንድ ቦታ አልነበረውም። እኛ በጅማ ኮፒ ቤት ያባዛናትንና በስቴፕለር የመታናትን ባለ 32 ገጽ መጽሔት 40 ቅጂ ይዘን ነበር። ጠረጴዛ የሚሰጠው ለተመዘገቡ ሻጮች ብቻ መሆኑ ሲነገረን፣ ደረጃው ሥር ባገኘናት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ደረደርናት፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ እንድንነሣ ተደረግን። ከሰዓት በኋላ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ መጽሔቷን አንሥታ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች። ስትጨርስ «ቀጣዩስ?» አለችን። ትንሽ ቆይታ፣ እሷም ለማንም ያላሳየችው ሁለት ደብተር ሙሉ ጽሑፍ ቤቷ እንዳለ ነገረችን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ስንት ሰው እንደነበረ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ግን አልተበጀም።

ይህ የሚያስቆጨኝ የዚህ ልማድ ሥር ጽሑፍና ሥዕል ስለሆነ ነው። ኮሚኬት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የቶኪዮው ዝግጅት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲጀመር፣ የተገኙት 32 የአድናቂ ክበቦችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የመጡትም ዶጂንሺ የተባሉትን፣ ራሳቸው ያሳተሟቸውን መጽሔቶች ለመለዋወጥ ነው። ያው ዝግጅት በዲሴምበር 2019 በአራት ቀናት ውስጥ 750 ሺህ ያህል ሰው አስተናግዷል፤ ዛሬም ዋናው ነገር ጠረጴዛና በላዩ ላይ የተዘረጋው ኅትመት ነው። ገዢም፣ ሻጭም፣ አስተናባሪም እኩል «ተሳታፊ» ተብለው ይጠራሉ። ክላምፕ በሚል የጋራ ስም ዝነኛ የሆኑት አራቱ የማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ ሴት ሠዓሊዎችም ከዚሁ የዶጂንሺ ክበብ የተነሡ ናቸው።

የሌላ ሰው ፈጠራ መውሰድ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሀገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የባለቤቱ ነው። በጃፓን አሳታሚዎች በአብዛኛው አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ ማንጋ ሠዓሊው ኬን አካማትሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አድናቂዎች በሥራው ላይ ተመሥርተው ዶጂንሺ እንዲያዘጋጁ የሚፈቅድ ምልክት እስከ ማተም ደርሷል። እኔ በበኩሌ ልጆቹ መጽሔቷን እንዳይሸጡ ከልክያለሁ፤ የኮፒውን ዋጋ አዋጥተን በነፃ ነው ያደልነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ የሻጭ ጠረጴዛ ኪራይ ሊጠይቁን የሚገባ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ዝግጅት ለጸሐፊዎች አንድ የጋራ ጠረጴዛ፣ በተቻለም መጠን ከድምፅ ማጉያው ርቆ፣ እንዲሁም የጻፉትን የሚያነቡበት አንድ ሰዓት ይመደብ። በዚያ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ከአሥር ባይበልጥም ግድ የለም፤ እኛ በሰባት ጀምረናል። ጋዜጣችሁም ከባሕል ገጹ አንድ ዓምድ ለወጣት ጸሐፊዎች ቢፈቅድ፣ የኔታና ኡስታዝ የሚሉትን ሁለቱንም ጸሐፊዎች ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ለጠረጴዛው በጀት የለም ከተባለም አዘጋጆቹ አስቀድመው ያሳውቁን፤ አንድ የጅማ በርጩማ አውቶቡስ ላይ ጭኖ መምጣት ከካርቶን ሰይፍ የባሰ ጣጣ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ መምህርት፣ ከጅማ