ከማስታወቂያ ቪዲዮ ሥር ምን ይጻፍ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኢንተርኔት ማስታወቂያ በተወራ ቁጥር ወሬው ሁሉ ካሜራ፣ መብራትና ቅንብር ላይ ያልቃል። ከቪዲዮው ሥር የሚሰፍረውን ጽሑፍ፣ መግለጫውን፣ የሚያነሳው የለም ማለት ይቻላል። ለቀረጻው ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ድርጅት እንኳ መግለጫውን የሚጽፈው ቪዲዮው እየተጫነ ሳለ በሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ያም ባይሆን ካለፈው ቪዲዮ ገልብጦ ይለጥፋል። ሥራው ላይ ያለን ሰዎች ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ በታች ጽፈናልና እንድታወጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

መግለጫው የማይሠራውን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። በዩቲዩብ መነሻ ገጽ ላይ ተመልካቹ የሚያየው የሽፋን ምስሉን፣ ርዕሱንና የቻናሉን ስም ነው። መግለጫው እዚያ የለም፤ ስለዚህ ደካማ ርዕስ ያለውን ቪዲዮ መግለጫ አያድነውም። መግለጫ የሚያገለግለው ሌላ ቦታ ነው። ፈልጎ ለመጣ ሰው ቪዲዮው ጥያቄውን እንደሚመልስ ያሳየዋል፣ ለፍለጋው ሥርዓት ቪዲዮው ስለምን እንደሆነ ይነግረዋል፣ አይቶ ለጨረሰው ደግሞ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለበት ያመለክተዋል። ሦስቱም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገቡ የትኛው ይቅደም የሚለው ዋና ጥያቄ ይሆናል።

መግለጫው ሳይከፈት የሚነበበው የመጀመሪያው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ በስልክ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ይህች ጠባብ ቦታ ብዙ ጊዜ በምን ትሞላለች? «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንኳን ወደ ቻናላችን በሰላም መጣችሁ! ሰብስክራይብ፣ ላይክና ሼር ማድረግ እንዳይረሳ።» በሰላምታው ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ቪዲዮውን ልክፈት አልክፈት እያለ ለሚያመነታ ሰው ምንም የነገረው ነገር የለም። ሰብስክራይብ የሚያደርገው ደግሞ አይቶ የወደደ እንጂ ገና ያላየ አይደለም፤ ልመናው ያለቦታው ገብቷል።

የስፌት ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ማሽን ክር ሲበጥስ ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራ እንበል። «በዚህ ቪዲዮ ስለ ስፌት ማሽን አስገራሚ ነገሮችን ይመለከታሉ» ብሎ ቢጽፍ ለማንም የማይሆን መግለጫ ነው። ይልቅ እንዲህ ቢል፦ «የስፌት ማሽን ክር የሚበጥሰው ብዙውን ጊዜ መርፌው ተጣሞ ወይም ደንዝዞ፣ የላይኛው ክር ከልክ በላይ ጠብቆ ወይም ክሩ በመንገዱ በትክክል ሳይገባ ሲቀር ነው። የእርስዎ ማሽን ችግር የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለዩና ቤትዎ ሆነው እንዴት እንደሚያስተካክሉ እናሳያለን።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ፍለጋው ላይ የጻፈውን ችግር በራሱ ቃል ይጠራል። ሁለተኛው ቪዲዮውን ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረዋል። «ምርጥ»፣ «አስደናቂ»፣ «እንዳያመልጥዎ» የሚሉት ቃላት አንድም አልገቡም፤ አላስፈለጉምም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች «መልሱን አስቀድመን ከጻፍነው ማን ያየዋል?» ይላሉ። ስጋቱ ይገባናል፤ ግን ልክ አይመስለንም። ምክንያቶቹን መዘርዘር ማሽኑን አያስተካክልም፤ የሚያስተካክለው አሠራሩ ነው፣ አሠራሩ ደግሞ ያለው ቪዲዮው ውስጥ ነው። የተደበቀ መልስ የሚያመጣው ተመልካች ተታለልኩ ብሎ በሰከንዶች ውስጥ የሚወጣ ተመልካች ነው። መልሱ ራሱ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ቪዲዮው ላይ ነው።

ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በኋላ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ። ቪዲዮው ለማን እንደተዘጋጀ፣ የትኛውን ሞዴል ወይም ዓይነት እንደሚመለከት፣ ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግና ምን እንደማይሸፍን ይጻፍበት። የመጨረሻውን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ሆኖም «ይህ አሠራር ለኢንዱስትሪ ማሽን አይሆንም» የምትል አንዲት መስመር ከንቱ የስልክ ጥሪ ታስቀራለች።

ቁልፍ ቃልን በተመለከተ ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ቪዲዮውን የሚገልጹ አንድ ወይም ሁለት ዋና ቃላትን መርጦ በርዕሱም በመግለጫውም ጎላ አድርጎ ማስቀመጥን ነው። ከመግለጫው ግርጌ ሃምሳ ቃል በነጠላ ሰረዝ መደርደር ግን ያልተገባ ልማድ ነው፤ የማይገናኙ ቃላትን ማጨቅ የዩቲዩብን ደንብ ስለሚጥስ ቪዲዮውን እስከማስወረድ ሊያደርስ ይችላል። ቃላቱን ለማግኘት የሚሻለው ቦታ የደንበኛ አፍ ነው። ደንበኛው «የክር ውጥረት መዛባት» አይልም፤ «ማሽኔ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ» ነው የሚለው። ቴክኒካዊው ቃል ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቢመጣ ይበቃል።

በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቃላታችን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ የሚሉትን ፊት ለፊት፣ ኦችና አችን የሚሉትን ከኋላ ስለሚለጥፉ ዋናው ስም «በማሽኖቻችን» በሚል ቅርጽ ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ስሙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይለጠፍበት ራቁቱን ይግባ። ሰውም «ሥራ»ን «ስራ»፣ «ፀጉር»ን «ጸጉር» ብሎ ይፈልጋል። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አድርጉ፤ ሌላውን አጻጻፍና በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ታግ ውስጥ (ቪዲዮው ሲጫን ለብቻው በሚሞላው የፍለጋ ቃላት ቦታ) አስገቡት። ታግ ለፍለጋ ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ ዩቲዩብ በግልጽ ይናገራል። የሚጠቅምበት ቦታ ብሎ የሚያነሳው ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ አሳስተው የሚጽፉትን ቃል ነው፤ ይህም የእኛው ችግር ነው።

ሌላው የማይታሰበው የርዝመት ነገር ነው። የዩቲዩብ ርዕስ እስከ 100 ፊደል፣ መግለጫው እስከ 5,000 ይፈቀድለታል እየተባለ ይነገራል። ዩቲዩብ ለሶፍትዌር ሠሪዎች ያወጣው ሰነድ ግን የመግለጫውን ወሰን የሚያስቀምጠው በባይት (በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በተለመደው ሥርዓት በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ባይት ይይዛል፣ አራት ነጥቧም እንዲሁ። 5,000 ባይት እንግዲህ ወደ 1,660 ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ባዶ ቦታዎቹ አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ ትንሽ ይጨምራል። በቃል ሲቆጠር ከ350 ብዙም አያልፍም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም መግለጫ ወደ አማርኛ ሲመለስ አልገባ የሚለው በዚህ ሊሆን ይችላል። የማዕዘን ቅንፎችም (< እና >) መግለጫ ውስጥ አይፈቀዱም፤ ቀስት አስመስሎ ለማስጌጥ የሚጠቀምባቸው ሰው ጽሑፉ አልቀመጥ ሲለው ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል።

ቪዲዮው ከጥቂት ደቂቃ ካለፈ ምዕራፍ ይኑረው። መግለጫው ውስጥ ሰዓቱንና ስሙን በየመስመሩ መጻፍ ነው፦

00:00 ክር ለምን ይበጠሳል
00:45 መርፌውን መፈተሽና መቀየር
02:10 የላይኛውን ክር ማላላት
03:40 ክሩን እንደገና ማስገባት

የመጀመሪያው ሰዓት የግድ 00:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ቅደም ተከተላቸው ሊዛባ አይገባም፣ እያንዳንዱ ክፍልም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። በብዛት የሚሳሳተው የመጀመሪያው ነው፤ የድርጅቱ አርማ ካለፈ በኋላ ከ00:06 የሚጀምር አለ። ሰዓቶቹ ሲነኩ ስለሚሠሩ ሰው የተሳካለት ይመስለዋል፤ ሆኖም ቪዲዮው የት እንደደረሰ የሚያሳየው የጊዜ መስመር በምዕራፍ አልተከፈለም። የምዕራፉ ስም «መግቢያ»፣ «ክፍል ሁለት»፣ «ማጠቃለያ» ከሆነ ደግሞ ባይኖር ይሻላል። ተመልካቹ ዘሎ ይሄድብናል የሚሉ አሉ፤ የሚፈልገውን ያጣ ሰው ግን የሚዘለው ወደ ሌላ ሻጭ ነው።

ሊንክ አንድ ይሁን፣ ቢበዛ ሁለት። አምስት ማኅበራዊ ገጽ ተደርድሮ የመግዣው ገጽ ስድስተኛ የሚሆንበት መግለጫ ሻጩን ራሱን ይጎዳል። ከሊንኩ በፊት ሰውየው እዚያ ምን እንደሚያገኝ ጻፉ፦ «የመርፌ ቁጥሮች ዝርዝር እዚህ አለ» ማለት «ድረ ገጻችንን ይጎብኙ» ከማለት ይሻላል። አድራሻው ከኤችቲቲፒኤስ (https://) ጀምሮ በሙሉ ይጻፍ፤ አለዚያ ላይነካ ይችላል። ቻናሉ ዩቲዩብ «የላቁ ባህሪያት» የሚላቸውን ተጨማሪ አገልግሎቶች እንዲጠቀም ገና ካልተፈቀደለትም የውጭ ሊንክ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ሾርትስ (የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች) ላይ ደግሞ ከነሐሴ 2023 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመግለጫም በአስተያየትም የሚቀመጥ ሊንክ አይነካም፤ እዚያ ያለው አማራጭ አጭሩን ቪዲዮ ከረጅሙ ጋር በተዛማጅ ቪዲዮነት ማገናኘት ነው። ይህን ሳያውቁ «ሊንኩ ከታች አለ» እያሉ የሚናገሩ አጫጭር ማስታወቂያዎች አሁንም ይለቀቃሉ።

ሃሽታግ ሁለት ሦስት ይበቃል። ክፍት ቦታ ካለው እዚያው ይቆረጣል፤ ከ60 ካለፈ ደግሞ ዩቲዩብ ሁሉንም ይተዋቸዋል።

ክፍያ ወይም ስጦታ ተቀብሎ የሌላን ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሰው ይህንኑ መግለጫው ግርጌ ላይ ጽፎ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት አይችልም። ዩቲዩብ ቪዲዮው የተከፈለበት ማስታወቂያ እንዳለው በተዘጋጀው ሳጥን ላይ ምልክት እንዲደረግ ይጠይቃል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ማሳወቂያው መግለጫው ላይ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ውስጥ እንዲኖር ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መግለጫውን ከፍቶ የማያነብ ተመልካች ብዙ ነው።

አንዱን መግለጫ በየመድረኩ መለጠፍም አይሠራም። ኢንስታግራም 2,200 ፊደል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ የገባ ሊንክ አይነካም። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ 280 ፊደል የተባለው ለአማርኛ ግማሽ ነው፤ አቆጣጠሩ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚይዘው 140 ገደማ ላይ ያልቃል። ቪዲዮውን በራሱ ድረ ገጽ የሚያስቀምጥ ደግሞ የጉግል ፍለጋ እንዲያነበው በገጹ ኮድ ውስጥ ከሚያስገባው መረጃ ስሙ፣ የሽፋን ምስሉና የተጫነበት ቀን ግዴታ ናቸው፤ መግለጫው የሚመከር ነው፣ ለእያንዳንዱ ቪዲዮም የተለየ መሆን አለበት።

መግለጫው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው በተመልካች ብዛት አይለካም። የሽፋን ምስሉን አይቶ የሚገባው ሰው ቁጥር ከመግለጫው ጋር ብዙም አይገናኝም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ (የቻናሉ ባለቤት መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ የትራፊክ ምንጭ፣ ማለትም ተመልካቹ ከየት እንደመጣ፣ ከሚለው ሥር «የዩቲዩብ ፍለጋ»ን ክፈቱ፤ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደመጡ ይዘረዝራል። ያላሰባችሁት ቃል ሰው እያመጣ ከሆነ በሚቀጥለው ማስተካከያ ወደ ላይ አውጡት። በአንድ ቃል የሚመጣው ሰው ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ከሆነ መግለጫው ቪዲዮው የሌለውን ቃል ገብቷል ማለት ነው። ለሊንኩ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ ለማወቅ አድራሻው መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ) ጨምሩበት፤ ያለ እሱ ከስልክ መተግበሪያ የሚመጣው ጎብኚ አንዳንዴ «ቀጥታ» ተብሎ ስለሚመዘገብ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ርዕስ፣ ምስልና መግለጫ በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ለውጡን ያመጣው የቱ እንደሆነ መለየት አትችሉም።

አንዴ ተዘጋጅቶ ለሁሉም ቪዲዮ በራሱ የሚገባውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ለአድራሻና ለስልክ ብቻ ይሁን፣ ሁልጊዜም ከታች ይቀመጥ። ከላይ ከተቀመጠ የሁሉም ቪዲዮ መጀመሪያ መስመር አንድ ዓይነት ሆኖ ያርፋል። ስልክ ሲቀየር ወይም የቅናሽ ቀን ሲያልፍ ስቱዲዮው ብዙ ቪዲዮ በአንዴ መርጦ ከመግለጫዎቹ ውስጥ አንድን ጽሑፍ ፈልጎ በሌላ መተካት ያስችላል። ከመተካታችሁ በፊት ግን የነበረውን መግለጫ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር