ሣር ተካዮቹ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመት ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የክበባችን ስም «ሣር ተካዮቹ» ነው። ስሙን ያወጣልን ባልደረባ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ እኛም አልተቀየምንም። ድራማ ክበብ መድረክ አለው፣ ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ አለው፣ የስፖርት ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማልያ ለብሷል። እኛ ያለን ከአዲሱ ሕንፃ ጀርባ ያለው ራቁት መሬት ነው።

ያንን መሬት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑበት፣ በዕረፍት ሰዓት ጋደም የሚሉበት ሣር ነበር። መሠረቱ ሲቆፈር የወጣው ፈዛዛ አፈር እዚያው ላይ ተደፋ፤ ሥራው ሲያልቅ ማሽኖቹ ሄዱ፤ አፈሩ ቀረ። ሦስት ክረምት ዘንቦበት ከጥቂት አረም በቀር ያበቀለው የለም። በሐምሌ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ የሚከመረው ጭቃ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ካለ፣ ከዚያ ነው። አንገረብ ግድብን ደለል እየሞላው ስለ ውኃ የምናማርር የጎንደር ሰዎች ራቁት መሬት ምን እንደሚያደርግ ሊነገረን አይገባም ነበር።

በመስከረም ወር 27 ተማሪዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የመጡት ዛፍ ሊተክሉ ነው። የችግኝ ተከላን ወግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ፍየል ይበላዋል። «መጀመሪያ ሣር» ስላቸው በሚቀጥለው ሳምንት ስድስቱ ወደ ድራማ ክበብ ሄዱ። መልካም ተዋናዮች እንደሆኑ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። ቸኩዬ በጥቅምት አስተከልኳቸው። ከአጥሩ ሥር ሰርዶና ማገጥ ከነአፈሩ እየቆረጥን 40 ቁራጭ ተከልን፤ ዝናቡ ግን ሄዶ ነበር። ኅዳር ሲያልቅ በሕይወት የነበሩት 11 ናቸው። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው በጥቅምት ሣር ሲተክል ማየት ለተማሪዎቼ ትምህርት ሆኗቸው ይሆናል። የረቡዕ ስብሰባዎቻችንን በተመለከተ ቃለ ጉባኤው ጸሐፊዋ ዘንድ አለ፤ የሚያጓጓ ነገር የለውም።

የዓመቱ ትልቅ ነገር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያደረግነው ጉዞ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ በጥር መጨረሻ በሴሚስተር ዕረፍት፣ የአውቶቡሱን ኪራይ ግማሹን ትምህርት ቤቱ፣ ግማሹን ወላጆች ከፍለው ሄድን። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ደባርቅ አደርን። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ከስካውታችን (ከፓርኩ ጥበቃ) ጋር በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ወጣን። «ለምን በጨለማ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ፀሐይ ሳይነካው ላሳያቸው የፈለግሁት ነገር ስለነበረ ነው።

ምንጭ በሚያረጥበው የመንገድ ቦይ ዳር አስቆምኳቸው። ከሩቅ ሲታይ ተራ ጭቃ ነው። ጎንበስ ሲሉ ግን ከመርፌ ብዙም የማይወፍሩ፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ የበረዶ ዘንጎች እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ በራሱ ላይ ቅንጣት አፈር ተሸክሟል። አንዱ ልጅ ሲረግጠው ተንኮሻኮሸ። በዚያ ከፍታ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሌሊት ውርጩ አፈሩን ያነሣዋል፣ ቀን ፀሐይዋ ታወርደዋለች። ገና ሥር የሰደደች ቡቃያ በዚህ መካከል ብትገኝ ሥሯ ይበጠሳል ወይም ተነቅላ ትደርቃለች። ከቦይው ሁለት እርምጃ ርቆ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር እግር ሥር እጃቸውን ሲያስገቡ በረዶ የለም፤ አፈሩ ለስላሳ ነው። ሣሩ ብርድ ልብሱ ነው። ደጋ ላይ አንዴ የተገፈፈ መሬት በራሱ የማይድነውም ለዚህ ነው፤ ሣር የሚበቅለው ሣር ባለበት ነው።

ስካውቱ ስለ ጭላዳዎቹ፣ አብቦ አንዴ ዘር ከሰጠ በኋላ ስለሚሞተው ጅብራ ብዙ ነገራቸው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እንደወጣ፣ በመካከሉ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ እንደነበር እኔ ጨመርኩ። አንዱ ጎበዝ «መምህር፣ ትንሽ ጓሳ ነቅለን ለትምህርት ቤታችን ብንወስድስ?» አለ። ከፓርክ ቅጠል እንኳ አይወጣም። ቢወጣስ? ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ የለመደን ሣር 2,100 ሜትር አካባቢ ባለችው ጎንደር አምጥቶ መትከል ለእሱም ለእኛም ውለታ አይደለም። ለተጎዳ መሬት የሚተከለው የጎረቤቱ ሣር ነው።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር አንድ አሮጌ የገረጋንቲ ማውጫ ጉድጓድ አጠገብ ወረድን። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከውስጡ ድንጋይና ጠጠር ብቻ። የተቆረጠው ግድግዳ እንደ መጽሐፍ የተገለጠ ነበር፤ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ አለት። ልጆቹ ጥቁሩን ለኩት፤ ሁለት ስንዝር አይሞላም። ያ ሁሉ ጓሳ የቆመው በሁለት ስንዝር ላይ ነው።

ያን ጊዜ ወንዶቹ ጀመሩ። «ይህን የቆፈረ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው» አለ አንዱ። ሌላው የባሰ ተናገረ። እኔም፣ አልዋሽም፣ አላስቆምኳቸውም። ከኋላ የቆመችው፣ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል «አባቴ የኤክስካቫተር ሠራተኛ ነው» አለች። ዝም አልን። «የሚቆፍረው የታዘዘውን ነው። ጥቁሩን ለይተህ አስቀምጥ ቢሉት ይለየው ነበር። ያለው ሰው የለም።»

ለ14 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ከተማሪ የተማርኩበትን ቀን ቁጠር ብባል ያ ቀን ከመጀመሪያዎቹ ነው። እስከ ደባርቅ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን አልነበረም። የተሳደበው ልጅ ከጎኗ ሄዶ ተቀመጠና ቆሎውን አካፈላት። ሌላ ነገር ሲባባሉ አልሰማሁም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ አባቷን ጋበዝናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን መሬት ዞር ዞር ብለው አዩና ከታችኛው ግንብ ጥግ ካለው የአፈር ክምር ሥር ቆሙ። «መጀመሪያ የተቆፈረ መጀመሪያ ይጣላል» አሉ። «ጥቁሩ አፈራችሁ የትም አልሄደም፤ እዚህ ከሥር ነው።» ልጆቹ በአካፋ ገቡ። ከጉልበት በታች ሲደርሱ አፈሩ ጠቆረ። ሦስት ዓመት በአጠገቡ ስናልፍ የነበርነው እኛ ነን።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ተከምሮ የቆየ አፈር እንደ ድሮው አይሆንም፤ በውስጡ የነበረው ዘር አብዛኛው ይሞታል፣ ሕይወቱም ይደክማል። ከመሠረት ከወጣው ፈዛዛ አፈር ግን በብዙ ይሻላል። ጋሼ ሌላም ነገር ነገሩን፤ ጥቁሩን መጀመሪያ ገፍቶ ጥግ ማስያዝ ለማሽን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን የሚከፍለው የለም። አንዷ የክበባችን አባል በቻይና ከቺንሀይ ወደ ቲቤት ስለተዘረጋውና እ.ኤ.አ. በ2006 ስለተመረቀው የባቡር ሐዲድ አንብባ ነበር፤ መስመሩ አብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ሣሩ ከነሥሩ እየተቆረጠ ተቀምጦ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ተነጥፏል። «ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው» አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ነው። ጥቁሩን አፈር በሁለት የእጅ ጋሪ (አንዱ ጎማ የለውም) አመላለስን። ቁልቁለቱን አግድም በድንጋይ ረድፍ ከፋፈልነው። ወላጆች የጤፍ ጭድ አመጡ። በየካቲት ውኃ ለሦስት ሳምንት ጠፍቶ ችግኝ ጣቢያችን ደርቆ ነበር፤ በግንቦት የወላጆች በዓል ድንኳን ካስማ ከአዲሱ እርከን ላይ ተተከለ፤ በሁለቱም ስለተናደድኩ አልዘረዝራቸውም። በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ግን 180 ቁራጭ ሰርዶና ማገጥ፣ በጥቅምት የቀሩትን 11 ጨምረን፣ በተፈራረቀ ረድፍ ተከልን። ይህን ስጽፍ የላይኛው ረድፍ እርስ በርሱ መጨባበጥ ጀምሯል።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ብር አይጠይቅም፤ ለሚቀጥለው ሕንፃ ውል ሲዘጋጅ «የላይኛው አፈር ተለይቶ ይቀመጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለስ» የሚል አንድ መስመር ይግባበት። ረቂቁን ክበቡ ጽፎ ለርእሰ መምህሩ ቢሮ አስገብቷል። ሁለተኛው አጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሣሩ የሚያድግበት፣ እኛ ደግሞ የማንኖርበት ጊዜ ነው፤ የሰፈሩ ፍየሎች ግን አሉ። የሚያስፈልገው ሽቦ 60 ሜትር ነው። ምሰሶውን ጋሼ አመጣለሁ ብለዋል።