የሃንክ ባላርድን ስም አትርሱት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ «ዘ ትዊስት» ዘፈን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ዘፋኙ ቸቢ ቼከር ብቻ ነው የተነሳው። ዘፈኑን የጻፈው እኮ አሜሪካዊው ዘፋኝ ሃንክ ባላርድ ነው!

ባላርድ ሚድናይተርስ ከሚባለው ቡድን ጓዶቹ ጋር የዘፈነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 በሸክላ ወጣ። ያውም በጀርባው በኩል። ፊቱ ላይ የተቀመጠው ረጋ ያለ የፍቅር ዘፈን ነበር። ወጣቶች ግን ሸክላውን ገልብጠው ወገባቸውን ማሽከርከር ያዙ።

በ1960 የፊላደልፊያው ቸቢ ቼከር ደግሞ ዘፈነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። የቼከር አዘፋፈን ቁርጥ የባላርድን ነው። ባላርድ በሬዲዮ ሲሰማው የራሱ ድምፅ መስሎት ነበር ይባላል። የቴሌቪዥን አቅራቢው ዲክ ክላርክ ቼከርን በቴሌቪዥን አቀረበውና ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። በጥር 1962 ተመልሶ አንደኛ ሆነ። ያኔ የኒውዮርክ ሀብታሞችም ፔፐርሚንት ላውንጅ የሚባል ጭፈራ ቤት ገብተው ትዊስት ይጨፍሩ ነበር።

ቼከር ጎበዝ ነው፤ ዳንሱን ዓለም ያወቀው በእሱ ነው። ደራሲው ግን ሲዘለል ያመኛል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም የባላርድን ስም አስገቡልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ